ዛሬ የተሸነፈ ነገ የሚያሸንፍበት አገር

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ብዙ ባህልና ብዙ ሃይማኖት ያለበትን አገር አንድ አድርጎ የሚያቆየው ምንድን ነው በሚል ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም። አንዱ የጋራ ቋንቋ ወይም የጋራ ሃይማኖት ነው አለ። አንዷ ጠንካራ መሪ ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው አለች። እኔ ደግሞ የሕዝቡ መቻቻል ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ ጥሩ ጠይቀሻል። ሦስታችሁም አንዳንድ ነገር ይዛችኋል፤ ዋናውን ግን ማናችሁም አላነሳችሁትም። ፖለቲካ ሳስተምር ሁሌም የሚነሳ ክርክር ስለሆነ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። የተለያዩ ሕዝቦች በአንድ አገር አብረው የሚቆዩት ዛሬ የተሸነፈው ወገን ነገ ማሸነፍ እንደሚችል ሲያምን ነው። ይህ እምነት ካለ ሰው ቢናደድም፣ ጎረቤቱን ባይወደውም፣ ቀጣዩን ምርጫ ጠብቆ፣ ተከራክሮና ተደራድሮ ይኖራል። እምነቱ ከጠፋ ግን አንድ ቋንቋ መናገርም ሆነ በአንድ እምነት መጸለይ አገሩን አያድነውም። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ለመጀመሪያው ጓደኛሽ ሐሳብ ፓኪስታን ጥሩ ፈተና ናት። በ1947 ስትመሠረት ምሥራቋንና ምዕራቧን ያገናኘው ሃይማኖት ነበር፤ በመካከላቸው ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሕንድ ምድር ተዘርግቷል። በማርች 1948 መሥራቿ ሙሐመድ አሊ ጂናህ ወደ ምሥራቋ ከተማ ዳካ ሄደው የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን ተናገሩ። ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ቤንጋሊ ተናጋሪ ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ለቋንቋቸው አደባባይ የወጡ ተማሪዎች ዳካ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ወደቁ። ያም ሆኖ አገሪቱ ያኔ አልፈረሰችም፤ ቤንጋሊም በ1956ቱ ሕገ መንግሥት ከኡርዱ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። የፈረሰችው ከ1970ው ምርጫ በኋላ ነው። የምሥራቁ ፓርቲ አዋሚ ሊግ በምሥራቅ ከነበሩት 162 መቀመጫዎች 160ውን ወሰደ። ከጠቅላላው 300 መቀመጫ ይህ ብቻውን መንግሥት ለመመሥረት ይበቃዋል። ሥልጣኑን ግን አልሰጡትም። ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ቀን ተራዘመ፣ በማርች 1971 ጦሩ በገዛ ሕዝቡ ላይ ዘመተ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ባንግላዴሽ ነፃ አገር ሆነች። የቋንቋው ጉዳይ ቁስል ነበር፣ አልክድም። አገሪቱን የከፈላት ግን ሚሊዮኖች በሕጉ መሠረት አሸንፈው ድላቸው ሳይቆጠርላቸው መቅረቱ ነው።

ሩዋንዳንም አስቢ። ሕዝቡ በሙሉ ኪንያርዋንዳ ይናገራል፣ ሁቱውም ቱትሲውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይጸልይ ነበር። የ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ግን አልቀረም።

ይህ የሁለት አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስልሽ። የፖለቲካ ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፊሮን እና ዴቪድ ላይቲን ከ1945 እስከ 1999 የተካሄዱ የእርስ በርስ ጦርነቶችን መርምረው በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አገር ብዙ ብሔርና ብዙ ሃይማኖት ስላላት ብቻ ለጦርነት እንደማትጋለጥ አሳዩ፤ ድህነቷና የመንግሥቷ ደካማነት ይበልጥ ያስረዳሉ። በ2010 ደግሞ ላርስ ኤሪክ ሴደርማን፣ አንድሪያስ ዊመር እና ብራያን ሚን ጥያቄውን ቀየሩት። ስንት ብሔር አለ ብለው ከመቁጠር ይልቅ ከማዕከላዊው ሥልጣን የተገፋው ማን ነው ብለው ቆጠሩ። የተገፋው ሕዝብ በበዛ ቁጥር ጠመንጃ የማንሳቱ ዕድል ከፍ ይላል። በዚህ መስክ ካሉት ግኝቶች ይህን ያህል የማምነው ጥቂት ነው።

የጋራ ቋንቋ አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። ይጠቅማል፣ የአንዱ ትልቅ ወገን ንብረት ሳይሆን ሲቀር። በኢንዶኔዥያ ትልቁ ሕዝብ ጃቫውያን ናቸው፤ በ1928 ተሰብስበው ቃለ መሐላ የገቡት ወጣቶች ግን የአንድነት ቋንቋ አድርገው የመረጡት ጃቫኛን ሳይሆን ከመላዪኛ የመጣውን የንግድ ቋንቋ ነው። ጃቫዊውም እንደሌላው ቁጭ ብሎ ሊማረው ሆነ። ከዚያ የበለጠ የሚገርመኝ የኦገስት 18 ቀን 1945 ጉዳይ ነው። ነፃነት በታወጀ ማግስት፣ ሙስሊሞች ሸሪዓን የመከተል ግዴታ አለባቸው የሚለው ሐረግ (እዚያ እስከ ዛሬ «ሰባቱ ቃላት» ይሉታል) ከሕገ መንግሥቱ መግቢያ ወጣ። ምክንያቱም የምሥራቅ ደሴቶች ክርስቲያኖች በዚህ ሐረግ ሥር አብረን አንገባም ማለታቸውን ከነፃነት መሪዎቹ አንዱ ሞሐመድ ሐታ ሰምተው የሙስሊም መሪዎቹን ስላነጋገሩ ነው። ብዙኃኑ ማስገደድ እየቻለ ተወው። በዚያ የመጀመሪያ ቀን አናሳዎቹ ተናግረን የሚሰማን አለ ብለው መግባታቸው፣ በኋላ ከመጣው ደም ሁሉ ባያድናቸውም፣ አገሪቱን ከመወለዷ እንዳትከፈል አድርጓታል።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ታሚሎች በሁለት አገር ይኖራሉ፦ በደቡብ ሕንድ እና በስሪላንካ። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ሂንዱዎች ናቸው፤ የሚለያቸው ጠባብ ባሕር ነው። በሁለቱም አገር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው፤ የትልቁ ወገን ቋንቋ ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋ ሊሆን ነው ተባሉ። አንደኛው ወገን የአገሩን መንግሥት ተቀላቀለ፣ ሌላው ሃያ ስድስት ዓመት ተዋጋ።

በሕንድ የነበረው እንዲህ ነው። ሲ. ኤን. አናዱራይ በ1949 ዲ.ኤም.ኬ. የተባለውን ፓርቲ ሲመሠርቱ ዓላማው በግልጽ መገንጠል ነበር። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ከጃንዩዋሪ 26 ቀን 1965 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ዋና ቋንቋ ሂንዲ እንዲሆን ቀን ቆርጦ ነበር። ቀኑ ሲደርስ የታሚሎቹ ክልል ማድራስ ነደደች። ተማሪዎች ወጡ፣ ራሳቸውን ያቃጠሉ ነበሩ፣ ፖሊስ ተኩሶ ገደለ። ከዴልሂ ሆኖ ለሚያይ ሰው አገሪቱ ልትበጠስ የደረሰች ትመስል ነበር። ሆኖም ሁለት በሮች ተከፈቱ። በ1967 የክልል ምርጫ ሲደረግ ዲ.ኤም.ኬ. አሸነፈ፤ ማሸነፉም ተቆጠረለት፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት መገንጠልን ይሰብኩ የነበሩት አናዱራይ የክልሉ ዋና ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ዓመት የቋንቋ ሕጉ ተሻሽሎ ሂንዲ የማይናገሩት ክልሎች እስከፈለጉ ድረስ እንግሊዝኛ እንዲቀጥል ተደረገ። በ1969 ክልሉ ስሙን ታሚል ናዱ አደረገ። ፓርቲው በኋላ በዴልሂ ጥምር መንግሥታት ውስጥ ሚኒስትሮች ነበሩት። መገንጠልን ያነሳ የነበረ ድርጅት የማዕከላዊውን መንግሥት ወንበር ሲጋራ ማየት ለእኔ ከማንኛውም የአንድነት መዝሙር ይበልጣል። እርግጥ ሕንድ በ1963 መገንጠልን መስበክ የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አውጥታ ነበር፣ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ክልከላው ብቻውን ግን ምንም አይሠራም ነበር፤ የሠራው አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ወለል ብሎ ስለተከፈተ ነው።

በስሪላንካ ኤስ. ደብሊው. አር. ዲ. ባንዳራናይኬ በ1956 የብዙኃኑን ቋንቋ ሲንሃላን ብቻ የመንግሥት ቋንቋ አደርጋለሁ ብለው ምርጫ አሸነፉ፣ ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ። ከዚያ የሆነውን ብዙ ሰው ይዘላል። ባንዳራናይኬ በ1957 ከታሚሎቹ መሪ ከቼልቫናያካም ጋር ተስማሙ፤ ታሚልኛ በታሚል አካባቢዎች አስተዳደር እንዲያገለግል፣ የአካባቢ ምክር ቤቶችም እንዲቋቋሙ ተፈራረሙ። የቡድሂስት መነኮሳትና ተቃዋሚዎች ሲነሱባቸው በ1958 ውሉን አፈረሱት። በ1965 ሌላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሌላ ስምምነት ፈረሙ፤ እሱም ወረቀት ላይ ቀረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የታሚል ተማሪ ከሲንሃላ ተማሪ የበለጠ ነጥብ እንዲያመጣ የሚጠይቅ አሠራር መጣ። የ1972ቱ ሕገ መንግሥት ለቡድሂዝም ቀዳሚ ስፍራ ሰጠ። ታሚሎቹ በዚህ ሁሉ መሃል ምርጫ ይወዳደሩ ነበር። በራሳቸው አካባቢ ያሸንፋሉ፣ ፓርላማ ይገባሉ፣ እዚያ ግን ቁጥራቸው ምንም ሊያስቀይር አይችልም፤ የተፈረመላቸውም ይቀደዳል። በ1977 የታሚል ፓርቲ ዋናው ተቃዋሚ ሆኖ ፓርላማ ሲገባ መፈክሩ መገንጠል ነበር። ወጣቶቹ ግን ሽማግሌዎቹን መስማት ትተዋል። ሃያ ዓመት ተደራደራችሁ፣ ምን አመጣችሁ ነው የሚሉት። በጁላይ 1983 በታሚሎች ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ የቀረውን ክር በጠሰው። ጦርነቱ ያበቃው በ2009 ነው።

የሲንሃላዎቹን ፍርሃትም መረዳት ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። በደሴቷ ላይ ብዙኃን ናቸው፤ ባሕሩን ተሻግረው ሲያዩ ግን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ታሚሎች አሉ። ስለዚህ እነሱም ራሳቸውን እንደ አናሳ ይቆጥሩ ነበር። ብዙኃን ሆኖ እንደ አናሳ የሚፈራ ሕዝብ ከባድ ነው፤ ጉልበቱ አለው፣ ፍርሃቱም አለው፣ መስጠት ግን መጥፋት ይመስለዋል።

ስዊዘርላንድን ሳነሳ ተማሪዎቼ «እነሱ ሀብታም ናቸው» ይሉኛል። በ1847 ግን ሀብታም አልነበሩም፣ የሃይማኖት ጦርነት ነበር የያዙት። ሰባት የካቶሊክ ካንቶኖች (ክልሎቻቸውን እንዲህ ይሏቸዋል) የራሳቸውን ኅብረት ፈጥረው ከቀሩት ጋር ተዋጉ። ውጊያው አንድ ወር አልሞላም፣ የሞተው ሰው አንድ መቶ ገደማ ነው። ያሸነፈውን ጦር የመሩት ጄኔራል ዱፉር ቁስለኛ እንዳይነካ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳይደፈር ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ እኚሁ ሰው በኋላ ቀይ መስቀልን ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በ1848 በወጣው ሕገ መንግሥት የተሸነፉት ትናንሽ ካንቶኖች በላይኛው ምክር ቤት ከትልልቆቹ እኩል ወንበር አገኙ። ሥልጣን ላይ ግን አልወጡም፣ አሸናፊዎቹ ለአሥርት ዓመታት ብቻቸውን ገዙ። መሹለኪያው የመጣው በ1874 ነው። 30,000 ፊርማ ያሰባሰበ ሰው ፓርላማ ያጸደቀውን ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ እንዲያቀርብ ተፈቀደ። ካቶሊክ ወግ አጥባቂዎቹ ይህን መሣሪያ አጥብቀው ያዙት፤ ሕግ በሕግ ላይ አስጣሉ። አሸናፊዎቹ ያለ እነሱ መግዛት ሲያቅታቸው በ1891 የመጀመሪያውን ሰው፣ ዮሴፍ ዜምፕን፣ ሰባት አባላት ወዳሉት ካቢኔ አስገቡ። አርባ ምናምን ዓመት ፈጀ ማለት ነው! ግን በዚያ ሁሉ ዓመት የሚታገሉበት ሕጋዊ መንገድ ነበራቸው።

ስዊዞችን ያገዛቸው ሌላም ነገር አለ። ሃይማኖታቸውና ቋንቋቸው አንድ መስመር ላይ አልገጠመም። ጀርመንኛ ተናጋሪ ካቶሊክ አለ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንት አለ፣ ፈረንሳይኛውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሃይማኖት ጉዳይ ባላጋራሽ የሆነው ሰው ነገ በቋንቋ ጉዳይ አጋርሽ ነው፤ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ወገን መፍጠር ከባድ ይሆናል። ሁለቱ መስመሮች የገጠሙበት አንድ ቦታ ነበር፣ ችግሩም እዚያው ፈነዳ። የጁራ ሰሜን ሕዝብ ፈረንሳይኛ ተናጋሪም ካቶሊክም ሆኖ ጀርመንኛ ተናጋሪና ፕሮቴስታንት በሚበዛበት በበርን ካንቶን ሥር ወደቀ፤ በሁለቱም መንገድ አናሳ። ከረጅም ውዝግብ በኋላ በ1974ና በ1975 በየወረዳው ድምፅ ተሰጠ። ካቶሊኩ ሰሜን ወጥቶ በ1979 የራሱን ካንቶን መሠረተ። ቋንቋው ያው ፈረንሳይኛ የሆነው ፕሮቴስታንቱ ደቡብ ግን ከበርን ጋር መቆየትን መረጠ። ጓደኛሽን ስትከራከሪው ይህን አንሺለት፤ ቋንቋ ብቻውን ቢወስን ኖሮ ደቡቡም አብሮ ይወጣ ነበር።

ጠንካራ መሪ ወዳለችው ልጅ እንሂድ። ማርሻል ቲቶ የልቧ ሰው መሆናቸውን እገምታለሁ። እውነት ነው፣ ዩጎዝላቪያን ይዘው ቆይተዋል። በሜይ 1980 ሲሞቱ ግን አገሪቱን በአንድነት የመረጠ ሕዝብ የሚባል ነገር አልነበረም። በጋራ ፕሬዚዳንትነት ወንበሩን በየተራ ይዞሩበት ጀመር፤ ዕዳውና የዋጋ ንረቱ ደግሞ ኑሮውን አናጋው። በ1990 የብዙ ፓርቲ ምርጫ ሲመጣ በየሪፐብሊኩ ተደረገ፤ በመላው አገር አንድ ምርጫ አልተደረገም። ሁዋን ሊንዝ እና አልፍሬድ ስቴፓን ይህን ከስፔን ጋር አነጻጽረውታል፣ እኔም አሳማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስፔን ፍራንኮ በ1975 ከሞቱ በኋላ በጁን 1977 መጀመሪያ አገር አቀፍ ምርጫ አደረገች። የካታላንና የባስክ ፓርቲዎች ማድሪድ ፓርላማ ገብተው ተደራደሩ፣ የራሳቸው ምክር ቤት ምርጫ በ1980 መጣ። በዩጎዝላቪያ ድምፅ የሚገኘው የራስን ወገን በማስፈራራት ብቻ ሆነ፤ ከሌላው ሪፐብሊክ ድምፅ የሚለምን ፖለቲከኛ አልነበረማ። ጠንካራ መሪ ጊዜ ሊገዛ ይችላል። ጥያቄው በዚያ በተገዛው ጊዜ ምን ሠራበት ነው።

የቀረው ያንቺ ነው፣ መቻቻል። እዚህ ላይ አሹቶሽ ቫርሽኒ የሕንድ ከተሞችን ያጠኑትን እይ። ከ1950 እስከ 1995 በሂንዱና በሙስሊም ግጭት ከሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሞቱት በስምንት ከተሞች ነው። ሌላው ሰፊ አገር በአብዛኛው ሰላም ነበር። ተመሳሳይ የሆኑ ከተሞችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲያወዳድሩ፣ ለምሳሌ የምትታመሰውን አሊጋርን ሰላም ከሆነችው ከካሊከት ጋር፣ ልዩነቱ የሰዎቹ ደግነት አልነበረም። ካሊከት ውስጥ የነጋዴ ማኅበሩ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የንባብ ክበቡ ድብልቅ ነው። ወሬ ሲናፈስ ስልክ የሚደዋወሉ፣ ሄደው የሚያጣሩ፣ ነገር የሚያበርዱ ሰዎች ቀድሞውኑ አብረው ይሠራሉ፤ ጥቅማቸውም የተሳሰረ ነው። በሰፈር ሰላምታ መለዋወጥና ለበዓል መጠራራት ጥሩ ነው፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ ወሬ ሲነድ ግን አይበቃም።

ሳልማ ሙሳ በ2020 ያሳተመችው የኢራቅ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። በአይሲስ ምክንያት የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች የእግር ኳስ ቡድኖችን በዕጣ ከፍላ፣ በአንዳንዶቹ ሙስሊም ተጫዋቾች ጨመረች። አብረው የተጫወቱት ተቀራረቡ፣ ከወራት በኋላም አብረው ይለማመዱ ነበር። ይህ ግን ከሜዳው ውጭ ለማያውቁት ሙስሊም ብዙ አልተሻገረም። ስለዚህ መቻቻልሽን አልጥለውም፤ የማኅበር መልክ ይያዝ፣ አብሮ የሚሠራ ነገር ይኑረው ነው የምልሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማንም ለዘላለም እንዳይሸነፍ ብለው ሥልጣንን በኮታ የሚያካፍሉ አሉ። ሊባኖስ በ1932 ቆጠራ ላይ ተመሥርታ በ1943 ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ ብላ ተስማማች፤ የፓርላማው ወንበር ለስድስት ክርስቲያን አምስት ሙስሊም ነበር። ከ1932 ወዲህ ይፋዊ ቆጠራ ማድረግ ራሱ አስፈሪ ሆነ። ከ1975 እስከ 1990 ተዋጉና በ1989ኙ የጣኢፍ ስምምነት ወንበሩን እኩል አደረጉት፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ኮታ መሸነፍን ብቻ አይደለም የሚከለክለው፣ ማሸነፍንም ይከለክላል፤ ድርሻሽ በልደትሽ ተቆርጦ ያድራል። ለአንድ ክፉ ጊዜ መሻገሪያ ይሆናል፣ ሲሰነብት ግን ፖለቲከኛው ከራሱ ወገን ውጭ ማንንም ማሳመን አያስፈልገውም።

ናይጄሪያ ከቢያፍራ የመገንጠል ጦርነት በኋላ በ1979 የሞከረችው ሌላ መንገድ ነው። ለፕሬዚዳንትነት ብዙ ድምፅ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ከክልሎቹ በሁለት ሦስተኛው፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ አራተኛ ድምፅ ማግኘት ግድ ነው። ናይጄሪያ በዚህ ከችግሯ ሁሉ አልወጣችም። ግን ከሰሜን ለሚወዳደር ሙስሊም የደቡቡ ክርስቲያን ድምፅ ያስፈልገዋል፣ ለደቡቡም እንዲሁ፤ ወዶ ባይሆን እንኳ ሄዶ ይለምናል።

ክርክራችሁን ስትቀጥሉ አንድ አገር ምረጡና ይህን ፈልጉ፦ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ከማዕከል ምንም ያላገኘው ወገን የትኛው ነው? ልጆቹስ አሁንም ለምርጫ ይመዘገባሉ?